ለእንግዳ ብቻ የሚወርደው ሮቦት

ቤታችሁ ውስጥ ማንም ሳይነካው ድምፅ የሚያሰማ ዕቃ ገጥሟችሁ ያውቃል? ንፋስ የሚያንኳኳውን መስኮት ወይም ሌሊቱን ሙሉ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ማለቴ አይደለም። የአንድ ሰው የነበረ፣ ሰውየው ከሄደ በኋላም እሱ ሲይዘው ያሰማ የነበረውን ያንኑ ድምፅ የሚያሰማ ዕቃ ማለቴ ነው። እኔ ገጥሞኛል። ለምን እንደዚያ እንደሚሆንም ላስረዳችሁ እችላለሁ፤ አስተማሪ ነኝና ማስረዳት እወዳለሁ። ምክንያቱን ማወቅ ግን ድምፁን ከጆሮ እንደማያወጣው ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰው በቅርቡ ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣ ትልቅ ካርቶን ነው። የማስተምረው እዚሁ ሐዋሳ፣ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነው። አንድ ወላጅ ከውጭ አገር ያመጡትን መጫወቻ ለትምህርት ቤቱ ሰጡ፤ ቁመቱ እስከ ተማሪዎቼ ወገብ የሚደርስ፣ እጅና እግሩ ሲታጠፍ የጭነት መኪና የሚሆን፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ጠመንጃና ሰይፍ የታጠቀ ሮቦት። ዳይሬክተራችን ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ "ቲቸር፣ አንቺ ለሁሉም ነገር መስፈርት አታጪም፤ እስቲ ይሄን ገምግሚልኝ። ለልጆቹ የማይሆን ከሆነ ቢሮዬ ካለው ቁም ሳጥን ላይ ይቀመጣል፤ እንግዳ ሲመጣ ያየዋል" አሉኝ።

እንደ ልማዴ በቅደም ተከተል ጀመርኩ። መጀመሪያ ደኅንነቱን አየሁ። ሹል ጠርዝ የለውም፤ ልጅ አፉ ውስጥ የሚከተው ትንሽ ነገር አይወልቅም፤ የባትሪው ክዳን በብሎን የታሰረ ነው። ቀጥዬ የሚሰጠውን ትምህርት አየሁ። ሮቦቱን መኪና ለማድረግ የትኛው መገጣጠሚያ ቀድሞ እንደሚታጠፍ ማሰብ ያስፈልጋል፤ እግሩ ሳይታጠፍ ደረቱ አይዘጋም። ይህን ያወቅኩት አብሮት የመጣውን መመሪያ አንብቤ እንዳልሆነ ያስተዋልኩት መኪናው ተሠርቶ ጠረጴዛዬ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ጣቶቼ መንገዱን ያውቁት ነበር። ከዚያ ወደ መሣሪያዎቹ ዞርኩ። ጠመንጃው ቃታው ሲሳብ ቀይ መብራት እያበራ ይንጣጣል፤ ክፍል ውስጥ ጆሮ የሚያደነቁር ስለሆነ ያለ ባትሪ እንዲሰጥ ወሰንኩ። ሰይፉን ከላስቲኩ ሳወጣው፣ ያ የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ሳይለቅ፣ እጄ ውስጥ "ዝዝዝም" አለ። መልሼ አስቀመጥኩትና መስኮት ከፈትኩ።

ያደግኩት እዚሁ ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ነው፣ ዳገቱ መሃል ላይ። መንገዱ ያኔ ኮረት ስለነበር ከላይ ድንጋይ የጫኑ ገልባጭ መኪኖች በበራችን ሲያልፉ ቤቱ ከነግድግዳው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቡፌው ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎችም ሐሜት እንደያዙ ሴቶች እርስ በርስ ይንሾካሾካሉ። የቡፌው ባለሥልጣን እማዬ ነበረች። ሻይ ተጠጥቶባቸው የማያውቁ ስኒዎች፣ ፎቶዎች፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ሁሉም በእማዬ ትእዛዝ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ዱባይ ትሠራ የነበረችው አክስቴ ለታናሽ ወንድሜ ለናቲ ልክ እንደዚያ ያለ ሮቦት ይዛለት ስትመጣ፣ ናቲ አንዴ መኪና፣ አንዴ ሮቦት አደረገው። ሁለተኛ ሊያጥፈው ሲል እማዬ ከእጁ ወስዳ ቡፌው አናት ላይ አቆመችውና ዳንቴል አለበሰችው።

"ለኔ አይደል እንዴ የመጣው?" አለ ናቲ።

"ላንተ ነው እንጂ። ስለዚህ እኮ ነው የማስቀምጥልህ።"

"ታዲያ መቼ ነው የምጫወትበት?"

"እንግዳ ሲመጣ አውርደህ ታሳያለህ።"

ይህ በእኛ ቤት ብቻ የነበረ ሕግ እንዳይመስላችሁ። በሰፈራችን ከውጭ የመጣ ነገር ሁሉ የሚታይ እንጂ የሚነካ አልነበረም፤ ለሚወዱት ልጅ ማስቀመጥ ማለት ደግሞ መውደድ ማለት ነበር። አባዬ በወጣትነቱ ወታደር ስለነበር "የተኩስ ድምፅ ቤቴ ውስጥ አልሰማም" ብሎ የጠመንጃውን ባትሪዎች አውጥቶ ለሬዲዮው አደረጋቸው። ሰይፍ ባትሪ ይኖረዋል ብሎ ግን ማን ያስባል? ጠመንጃውና ሰይፉ የቡፌው መሳቢያ ውስጥ ገቡ።

ናቲ ሕጉን ከሰማ በኋላ ያደረገው ነገር ዛሬም ያስቀኛል። እንግዳ ማደን ጀመረ። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰውዬ እጁን ይዞ ወደ ሳሎን ያስገባዋል። ጎረቤት ተከራይታ የምትኖረውን፣ ከጎንደር የመጣችውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለፈተና እያጠናች ሳለ ይጠራታል። አንድ ቀን ከባህል አዳራሽ ያመጣንን የባጃጅ ሾፌር ሳይቀር ሞተሩን አስጠፍቶ አስገባው። "እማዬ፣ እንግዳ መጥቷል" ይላል በሩ ላይ ቆሞ፣ እንደ ትልቅ ሰው። እማዬም እንግዳ ከገባ በኋላ ምን ታደርጋለች፤ ሻይ ታፈላለች፣ ዳቦ ትቆርሳለች፣ ዳንቴሉን ታነሳለች። ናቲ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ብቅ አድርጎ፣ መጀመሪያ እግሩን፣ ከዚያ እጁን፣ በመጨረሻ ደረቱን ያጥፋል፤ መኪናውን አንዴ ይነዳዋል፤ መልሶ ሮቦት ያደርገውና ሰይፉን አስጨብጦ አየሩን ይቆርጥበታል። ዝዝዝም። እንግዳው ሻዩን ጨርሶ ሲነሳ ሮቦቱም ወደ ቦታው ይመለሳል። ማታ ማታ እማዬ ለአባዬ፣ "ይሄ ልጅ በሻይ ሊጨርሰን ነው" ስትል ናቲ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ሲስቅ እሰማዋለሁ።

ከዚያ ናቲ ታመመ። ኩላሊቱ ነው አሉ። ሐኪም ቤት ተኝቶ ወጣ፤ ተመልሶ ገባ፤ በመጨረሻ ሳሎን ውስጥ፣ ቡፌው ፊት ለፊት ፍራሽ ተነጠፈለት። አሁን እንግዳ ማደን አላስፈለገውም፤ ጠያቂው በራሱ ጊዜ ይመጣ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይጸልዩለታል፣ ጎረቤት ብርቱካን ይዞ ይገባል፤ የቆጣሪው ሰውዬ እንኳ ሰምቶ መጣ። እማዬ ለእያንዳንዱ ጠያቂ ሮቦቱን ታወርዳለች። ናቲ እጁ አብጦ ማጠፍ ስላልቻለ የማሳየቱ ሥራ የኔ ሆነ፤ እሱ ከትራሱ ላይ ሆኖ ያዝዘኛል። "አይደለም፣ እግሩን መጀመሪያ። ስንቴ ልንገርሽ? እግሩ ካልታጠፈ ደረቱ አይዘጋም።" ያኔም አስተማሪው እሱ ነበር።

አንድ ቀን ጠያቂዎቹ ከወጡ በኋላ እማዬ ሮቦቱን ልትመልስ ስታነሳው፣ "ዛሬ እኔ ጋ ይደር" አላት።

እማዬ ጥቂት አሰበች። "ስትድን የኔ ጌታ። ስትድን ጨርሶ አወርደዋለሁ፤ ግቢ ውስጥ፣ አፈሩ ላይ ትጫወትበታለህ" አለችው፤ ዳንቴሉንም አለበሰችው። ስስት አልነበረም። ሮቦቱን አሁን ብትሰጠው መዳኑን ተስፋ የቆረጠች መስሏት ይሆናል ብዬ የማስበው ዛሬ ነው። የዳነ ዕለት የሚሰጠው ነገር እስካለ ድረስ የሚድንበት ቀንም አለ።

አልዳነም።

በለቅሶው ሰሞን ቤታችን አይቶት የማያውቀው እንግዳ ሞላው፤ ከበሩ እስከ ጓዳው መቆሚያ ጠፋ። ሮቦቱን ያወረደው ሰው ግን አልነበረም። አንድ ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ዝማሬ ጨርሰው ጸጥ ባሉበት ቅጽበት ገልባጭ መኪና አለፈ። ቤቱ ተንቀጠቀጠ፣ ብርጭቆዎቹ ተንሾካሾኩ፣ ከመሳቢያው ውስጥም "ዝዝዝም" የሚል ድምፅ ወጣ። የተቀመጡት ሁሉ ወደ ቡፌው ዞሩ። አባዬ ድንገት ተነስቶ ካቻቢቴ ፈልጎ መጣ፤ ባትሪዎቹን ሊያወጣ። እማዬ እጇን መሳቢያው ላይ ጫነች።

"ይሄን እንኳ ተውልኝ" አለችው። ከዚያ ለማንም ሳይሆን፣ "እንግዳ አይቶ ነው" አለች።

ሰይፉ ለምን እንደጮኸ ዛሬ በደንብ አውቃለሁ። እጀታው ውስጥ ቀጭን ሞላ አለ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ትንሽ የብረት ዘንግ፤ ሰይፉ ሲነቃነቅ ሁለቱ ይነካካሉ፣ ኤሌክትሪክም ያልፋል። የልጅ እጅ ያነቃንቀው የጭነት መኪና ለሞላው ልዩነት የለውም። እኛ ግን በዚያ ድምፅ ኖርን። ገልባጭ ባለፈ ቁጥር አባዬ ጉርሻውን አፉ አጠገብ ያቆመዋል፤ እኔ እርሳሴን። እማዬ ብቻ ሥራዋን ሳታቋርጥ ራሷን በትንሹ ትነቀንቃለች፣ ከሌላ ክፍል ለጠራት ልጅ እንደምትመልስ። ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ድምፁም ወፈረ፣ ዘገመ፤ የልጅ የነበረው የሽማግሌ መሰለ፤ ናቲ እዚያ ውስጥ ሆኖ ያለ እኛ የሚያረጅ ይመስለኝ ነበር። አንድ ክረምት እማዬ ምስር ስትለቅም መኪና አለፈ። ብርጭቆዎቹ ብቻ ተንሾካሾኩ። እማዬ ቀና ብላ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ምስሯ ተመለሰች። በእኔ ሂሳብ ናቲ ሁለተኛ የሞተው ያን ዕለት ነው።

ለዳይሬክተራችን ግምገማዬን በቃሌ ነገርኳቸው። ጠመንጃው ያለ ባትሪ፣ ሰይፉ ከነባትሪው፣ ሮቦቱም ዛሬውኑ ለልጆቹ።

"ቢሰብሩትስ?" አሉ።

"ይስበሩት።"

"ይሄም መስፈርት ሆኖ ነው?"

"ዋናው እሱ ነው" አልኳቸው። ሳቁ፤ ግን ፈቀዱ። አሁን ያ ሮቦት አንድ ጣት ጎድሎታል፣ ደረቱ ተጫጭሯል፣ ሰይፉ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ውስጥ ነው። ጭረቶቹን ሳይ ደስ ይለኛል። የእኛው ላይ አንድም የለም።

ይህንንም በዓይኔ ያረጋገጥኩት እሑድ ዕለት አዲስ የባትሪ ድንጋይና አቸቶ ይዤ ወደ ታቦር ወጥቼ ነው። ሮቦቱን አውርጂልኝ ስላት እማዬ መነጽሯን አስተካክላ አየችኝ። "እንግዳ ነሽ እንዴ?" አለችኝ። "አዎ፣ እንግዳ ነኝ" አልኳት። ዳንቴሉን አነሳች። ሮቦቱ ከካርቶን እንደወጣበት ቀን ያብረቀርቃል፤ ወንድሜ በዚህ ዓለም እንደነበረ የሚናገር አንድ ጭረት እንኳ አጣሁበት። ሰይፉ ውስጥ አሮጌዎቹ ባትሪዎች ፈሰው ነጭ ዱቄት ሠርተዋል። ዱቄቱ በአቸቶ በራሰ ጨርቅ ሲጠረግ ይለቃል፤ ጠረግኩት፣ አደረቅኩት፣ አዲሶቹን አስገባሁና መሳቢያው ውስጥ በቦታው አስተኛሁት። ከዚያ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠን መኪና እስኪያልፍ ጠበቅን።

መኪና አላለፈም። መንገዱ አስፋልት ከሆነ ቆይቷል፤ ገልባጮቹም በሌላ በኩል ይሄዳሉ። አንድ ባጃጅ ብቻ ሽው ብሎ አለፈ፤ ብርጭቆዎቹ እንኳ አልሰሙትም። እማዬ ተነስታ መሳቢያውን ሳበች። ሰይፉን አወጣች። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን በእጇ ይዛው አታውቅም ነበር። በሁለት እጇ እንደ ሕፃን ከያዘችው በኋላ ቀስ አድርጋ ነቀነቀችው።

ዝዝዝም፤ የልጅ ድምፅ።

ደግማ ነቀነቀችው። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለችና ሮቦቱን ወደ ራሷ ስባ፣ "እግሩን መጀመሪያ ነበር አይደል?" አለችኝ።

እናንተም ቡፌያችሁን አንዴ ተመልከቱ። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቀን ተብሎ ዳንቴል የለበሰ ነገር አይጠፋም። ዛሬ አውርዱት። ባትሪ የሚፈልግ ከሆነ ባትሪ ግዙለት፤ ባለቤቱ ካለ በእጁ ስጡት፣ ከሌለ እናንተው መሬት ላይ ተቀምጣችሁ ተጫወቱበት። መጀመሪያ ሲጫር ትደነግጣላችሁ፤ ምንም አይደል። ሲመሽ ግን፣ እባካችሁ፣ መልሳችሁ አትስቀሉት፤ እንደወደቀ ወለሉ ላይ ይደር።