ውሃው በማጠፊያው ውስጥ ሲያልፍ

ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ በሚገኘው የኦቦ ጀማል የፍሪጅ ጥገና ቤት ሥራ የጀመርኩት በግንቦት ሙቀት ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ያገኘሁትን የምስክር ወረቀት በፕላስቲክ አስለብጬ ይዤ ነበር። ኦቦ ጀማል ተቀበሉኝና ሳያነቡት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ አንድ በሥራ ላይ ያለ ፍሪጅ ፊት ወስደው አቆሙኝ።

«ይሄ ምን ይሠራል?» አሉኝ።

«ያቀዘቅዛል።»

«እጅሽን ከኋላው አድርጊ።»

አደረግኩ። ጀርባው ላይ የተዘረጉት ጥቁር ቀጫጭን ቱቦዎች ያቃጥላሉ።

«ብርድ የሚባል ነገር አይሠራም» አሉ። «ውስጥ ያለውን ሙቀት ተሸክሞ ውጭ ያራግፋል። ተሸካሚ ነው። አንቺም ለዛሬ ተሸካሚ ነሽ፣ ያንን ኮምፕረሰር ጓሮ አድርሺልኝ።»

ይህንን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜም አልፌበታለሁ። ግን በእጄ እስክነካው ድረስ አላመንኩትም ነበር ማለት ነው። ኮምፕረሰሩን አቅፌ ወደ ጓሮ ስሄድ፣ በዚያ ሙቀት ውስጥ ሙቀት ተሸክሞ የሚያወጣ ሣጥን መኖሩ እየገረመኝ ነበር።

በኦቦ ጀማል ቤት ሦስት ደረጃ ነበር። ረዳት ያጥባል፣ ይሸከማል፣ የተፈታውን ብሎን በቅደም ተከተል ይደረድራል። ሁለተኛ ሠራተኛ በር፣ የበር ጎማ፣ መብራትና ቴርሞስታት ይነካል። ጋዝ የሚሞላውና መዳብ የሚበይደው ዋና ባለሙያ ብቻ ነው። እኔ ዋና ባለሙያ እስክባል ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከተባልኩም በኋላ ደንበኛ ቤት ስገባ «ባለሙያው የታለ?» እያሉ ከኋላዬ ያለውን በር የሚያዩ ሰዎች ነበሩ። «እኔ ነኝ» እላለሁ፤ ካቻቪቴዬን አወጣለሁ፤ ሥራው ሲያልቅ ሁለተኛ አይጠይቁኝም።

በር ማዞር የዘወትር ሥራችን ነበር። ሰው ፍሪጅ ገዝቶ ቤቱ ሲያስገባው በሩ ወደ ግድግዳ ይከፈትበታል፣ ወይም የኩሽናውን መግቢያ ይዘጋበታል። የላይኛውን ማጠፊያ ፈትተን በሩን እናነሳለን። የታችኛውን ማጠፊያ ወደ ሌላው ጎን እናዛውራለን፣ ክፍት የቀሩትን ቀዳዳዎች በፕላስቲክ ክዳን እንደፍናለን። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ከዚያ በሩ ላይ ውሃ መቅጃ ያለው ፍሪጅ ታይዋን በሚባለው የከተማችን ገበያ መሸጥ ጀመረ። ብርጭቆ ሲያስጠጉበት ቀዝቃዛ ውሃ ይወርዳል። ሱቆቹ ፊት ሰው ቆሞ ያያል። እኔ ግን የምመለከተው ብርጭቆውን ሳይሆን በሩን ነበር። ውሃው የሚገባው ከጀርባ ነው። እንዴት አድርጎ ነው በቀን ስንት ጊዜ በሚከፈትና በሚዘጋ በር ውስጥ የሚደርሰው?

የመጀመሪያውን ስፈታ አየሁት። በታችኛው ማጠፊያ ላይ በሩ የሚቆምባት የብረት ፒን አለች፣ ከትንሿ ጣቴ የማትበልጥ። መሐሏ ክፍት ነው። ነጭ ቱቦ ከፍሪጁ ሥር መጥቶ በፒኗ ውስጥ ያልፍና ወደ በሩ ይወጣል። ደርቄ ቀረሁ። በር ሲከፈት ሁሉ ነገሩ ቦታ ይቀይራል፤ ባለበት የሚቆየው ፒኗ ያለችበት ነጥብ ብቻ ነው። ውሃውን በዚያች ነጥብ አሳልፈውታል። በሩ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፣ ቱቦው ባለበት ትንሽ ተጠማዝዞ ይመለሳል።

መደነቄ ግን ከስህተት አላዳነኝም። ሳቢያን ሰፈር አንዲት አስተማሪ እንዲህ ያለ ፍሪጅ ገዝታ በሩን እንድናዞርላት ጠየቀችን። ፈትተን ስናየው ለሌላው ጎን የተዘጋጀው ፒን ድፍን ብረት ነው። ትተን መውጣት ነበረብን። እኛ ግን ቱቦውን ከውጭ በበሩ ጠርዝ አዙረን አስገባነው። በሦስተኛው ቀን በሩ ቱቦውን ነክሶ ቀደደው። ሴትዮዋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሃው ሳሎን ደርሶ፣ መሬት ላይ የነበረውን የተማሪዎቿን የፈተና ወረቀት አርሶታል። አልጮኸችብንም። እኔና ኦቦ ጀማል ውሃውን በጨርቅ ስናደርቅ፣ እሷ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እየለየች በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ትሰቅል ነበር። ብትጮህብን ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ኦቦ ጀማል ቀለም አምጥተው የሱቁ ግድግዳ ላይ «ውሃ ያለው በር አይዞርም» ብለው ጻፉ። ለዓመታት የመጣውን ሁሉ በዚያ ጽሑፍ መለስን።

አንድ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ትዕግሥት የምትባል ሴት መጣች። የኢንዱስትሪ ፓርክ ባጅ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ወንበር ስንሰጣት አልተቀመጠችም።

«የፍሪጅ በር ማዞር ፈልጌ ነበር። ውሃ መቅጃ አለው።»

ግድግዳውን አሳየኋት። አነበበችው። ቶሎ አልሄደችም።

«ለአባቴ ነው» አለች። «ቀኝ ጎናቸውን አሟቸዋል፤ እጃቸው አይታዘዝም። የስኳር መርፌያቸው ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ምሳቸውም እንደዚያው። በሩ ወደ እሳቸው ስለሚከፈት አንድ ቀን ገፍቶ ጣላቸው። ከዚያ ወዲህ እኔ እየመጣሁ ነው የምከፍትላቸው። አለቃዬ ግን ከሰኞ ጀምሮ በቀን መውጣት የለም ብሎኛል።»

«ፍሪጁን ሌላ ቦታ ብታቆሙትስ?» አሏት ኦቦ ጀማል።

«ኩሽናው ጠባብ ነው። የውሃውም የመብራቱም መስመር እዚያ ጥግ ብቻ ነው ያለው።»

«ልየው» አልኩ።

 ሴትዮዋ አድራሻዋን ትታ ከሄደች በኋላ ኦቦ ጀማል ጽሑፉን ቀና ብለው አዩና፣ «ያንን የጻፍኩት ስላወቅኩ አይደለም፣ ስለፈራሁ ነው» አሉኝ። «ሂጂና እዪው። የማይሆን ከሆነ ግን አትንኪው። ሰውየው ያላቸውን ውሃ እንዳናሳጣቸው።»

ቅዳሜ ጠዋት ከዚራ ሰፈር ሄድኩ። የትዕግሥት አባት ጋሽ መርሻ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በባቡር ጥገና የፈጁ፣ የፉርጎ ፍሬን ሠራተኛ ነበሩ። ከዘራቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ኩሽና ድረስ መሩኝ። ልጃቸው ልትደግፋቸው ስትል «ተይኝ» አሏት።

«አሳዩኝ እስኪ፣ እንዴት ነው የሚከፍቱት?» አልኳቸው።

ዳሌያቸውን ከፍሪጁ ጎን ያለው የዕቃ መታጠቢያ ላይ አስደገፉ። ከዘራውን ግድግዳው ላይ አቁመው በግራ እጃቸው እጀታውን ሳቡ። በሩ ደረታቸው ድረስ መጣ። ወደ ኋላ መሸሽ አይችሉም፣ በሩን ዞረው ለማለፍም መንገድ የለም።

«መርፌውን በግራ እጄ መውጋት ለምጃለሁ» አሉ። «የማልችለው ይህንን ብቻ ነው።»

ከፍሪጁ ጋር የመጣው መመሪያ እኛ በማናነበው ቋንቋ የተጻፈ ነበር። ፍሪጁን ራሱን ማንበብ ጀመርኩ። ማጠፊያ በሌለበት ጎን፣ ከላይም ከታችም፣ ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች አየሁ። ይህ በሩ እንዲዞር መታሰቡን ያሳያል። የውሃውስ ነገር?

መብራቱን ነቀልኩ፣ ከጀርባ ውሃውን ዘጋሁ፣ መቅጃውን ተጭኜ በመስመሩ ውስጥ የቀረውን ውሃ አፈሰስኩ። ከዚያ ሊሾው ላይ በደረቴ ተኛሁና የታችኛውን ሽፋን ፈታሁ።

ቱቦው ከፍሪጁ ሆድ የሚወጣው በመሐል ነው። ከፊቱ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የሚሄድ ሰፊ ቦይ አለ፣ ቱቦው አሁን በቦዩ ወደ ቀኝ ታጥፎ ተኝቷል። ወደ ግራው ጎን በባትሪ አበራሁ። ለግራው ጎን የተዘጋጀው ፒንም መሐሉ ክፍት ነው። የበሩን የታች ክዳን ሳነሳ ደግሞ እዚያም ተመሳሳይ ቦይ አገኘሁ፤ ውሃው በየትኛውም ጎን ቢገባ መሐል ላይ ደርሶ ወደ መቅጃው ይወጣል።

ለትንሽ ጊዜ እንደተኛሁ ቀረሁ። ሩቅ አገር ባለ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሰው ተቀምጦ፣ ይህንን በር በሌላ በኩል የሚፈልግ ሰው እንደሚኖር አስቧል። ጋሽ መርሻን አያውቃቸውም። ግን ለእሳቸው መንገድ ትቶላቸዋል። እኛ ደግሞ ይህንን ያህል ዘመን «አይዞርም» ስንል ኖረናል።

በሩን ከትዕግሥት ጋር አንስተን ግድግዳ አስደገፍነው። ቱቦውን ከቀኙ ፒን ቀስ ብዬ ስስብ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው የድሬ ውሃ ቱቦውንም ከውስጥ በኖራ አድርቆት ነበር። ልክ ማጠፊያው ጋ ተሰነጠቀ።

«ተሰበረ?» አሉ ጋሽ መርሻ።

«አዎ» አልኩ።

 ትዕግሥት ቅድም ውሃውን ያፈሰስኩባቸውን ብርጭቆዎች ከወለሉ እያነሳች መደርደር ጀመረች። የኦቦ ጀማል ማስጠንቀቂያ ጆሮዬ ላይ ነበር። ቅድም በዚህ ቤት መቅጃው ውሃ ያወርድ ነበር፤ አሁን በሩ ግድግዳ ተደግፏል፣ ውሃም የለም።

«አብሽሪ» አልኳት፤ ለራሴ ይሁን ለእሷ አላውቅም። ባጃጅ ይዤ ታይዋን ሄድኩ። የፍሪጅ ዕቃ የሚሸጡት ሁለት ሱቆች የሉንም አሉኝ። የውሃ ማጣሪያ የሚሸጥ አንድ ሶማሌ ነጋዴ የቱቦውን ቁራጭ ከእጄ ተቀብሎ አገላብጦ አየና ከመደርደሪያ ሥር ጥቅል አወጣ። ውፍረቱ ከውጭ አንድ ነው፣ ለመጠጥ ውሃ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ግን ወፈር ይላል። «ይሄ አይሰበርም፣ ግን ይቆጣል፤ መታጠፍ አይወድም» አለኝ። ሦስት ሜትር ቆርጦ ሰጠኝ።

እንዳለውም ተቆጣ። በፒኗ አሳልፌ ቦዩ ውስጥ ሳስተኛው ማጠፊያው ጋ ይጨመደዳል፣ ከተጨመደደም ውሃ አያሳልፍም። ሁለት ጊዜ አወጣሁት። ጋሽ መርሻ መታጠቢያው ላይ ተደግፈው ያዩኝ ነበር።

«ልጄ፣ ሁለት ፉርጎ መሐል ያለው፣ ለፍሬኑ አየር የሚያስተላልፈው ጎማ ለምን እንደሚረዝም ታውቂያለሽ?»

«ባቡሩ ሲታጠፍ እንዳይበጠስ ነዋ።»

«እሱ ግማሹ ነው። አጭር ጎማ መታጠፉን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይቀበለዋል፣ እዚያው ይሰበራል። ረጅም ከሆነ ለመላ አካሉ ያካፍለዋል። አንቺ ልክክ አድርገሽ ቆረጥሽው። ከማጠፊያው በፊትም በኋላም ትርፍ ስጪው። አጥብቀሽም አትሰሪው።»

ከቀረው ላይ አዲስ ቆረጥኩ፣ በእያንዳንዱ በኩል አንድ ስንዝር ጨምሬ። ትርፉ ሰፋ ያለ ቅስት ሠርቶ ቦዩ ውስጥ ተኛ፣ ጠርዙን ሳይነካ። ያኔ ነው ሌላው ነገር የገባኝ። ቦዩ ከቱቦው አምስት እጥፍ የሚሰፋው ለምን እንደሆነ ጠዋት ሳየው አልተረዳሁም፣ ባክኖ የቀረ ቦታ መስሎኝ ነበር። ስፋቱ ለትርፉ የተተወ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ያለው ሰውና የፉርጎ ፍሬን ሲጠግኑ የኖሩት ሽማግሌ፣ ሳይተዋወቁ፣ ስለ አንድ ነገር አንድ ዓይነት አስበዋል። እኔ መሐላቸው መሬት ላይ ተኝቻለሁ።

የቱቦውን ጫፍ ቀጥ አድርጌ ቆርጬ ፍሪጁ ሥር ወዳለው የቱቦ መገጣጠሚያ እስከ መጨረሻው ገፍቼ አስገባሁት፣ ስቤም አረጋገጥኩ። በሩን ሰቀልን። ውሃውን ከፈትኩ። ሽፋኑን ሳልመልስ፣ ትዕግሥት በሩን እየከፈተችና እየዘጋች፣ እኔ በባትሪ ከሥር እያየሁ ብዙ ቆየን። ቱቦው በሩ ሲከፈት በቀስታ ይጠማዘዛል፣ ሲዘጋ ይፈታል። ሌላ ምንም አይሆንም። አንድ ጠብታ አልወጣም።

«አሁን እርስዎ» አልኳቸው።

ጋሽ መርሻ ዳሌያቸውን አስደገፉ። ከዘራውን አቆሙ። እጀታውን በግራ እጃቸው ሲስቡ በሩ ከእሳቸው ሸሽቶ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ መደርደሪያው ሁሉ ፊታቸው ሆነ። የመርፌውን ካርቶን አወጡ፣ አዩት፣ መልሰው አስቀመጡት። የምሳ ሳህናቸውን አወጡና መታጠቢያው አጠገብ አኖሩት። በሩን በክርናቸው ዘጉ። ከዚያ ብርጭቆ አንስተው መቅጃው ላይ አስጠጉ። መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ከዚያ ውሃ ወረደ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ እንዲደፉት ነገርኳቸው፤ ደፉት። ሁለተኛውን ቆመው ጠጡት፣ ሳይቸኩሉ፣ እስከ መጨረሻው።

«ትዕግሥት» አሉ ብርጭቆውን ሲያስቀምጡ። «ሰኞ ምሳ ሰዓት እንዳትመጪ።»

ትዕግሥት «እሺ አባባ» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲህ ስንት እንደዚያ ያለ በር እንዳዞርኩ አልቆጠርኩም። አንዳንዱን አዙሬዋለሁ፣ አንዳንዱን መልሼዋለሁ። ደንበኛ «ይቻላል?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ የምሰጠው የታችኛውን ሽፋን ፈትቼ ካየሁ በኋላ ነው። የሁለተኛው ጎን ፒን መሐሉ ክፍት ከሆነ በሩ ይዞራል። ድፍን ከሆነ አይዞርም።