«ከዚያስ?» የምንልበት ደረጃ

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ የምደሰት ጉደኛ ነበርኩ። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም በገባን ሰሞን መብራቱ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል፤ ያኔ ታዲያ ሕንፃው ጨለም ሲል፣ ምድር ቤቱ ላይ ሱቅ የነበራቸው የወሎዋ እትዬ ዘሀራ የከሰል ምድጃቸውን ደረጃው ሥር አውጥተው በቆሎ እሸት መጥበስ ይጀምራሉ፣ ሽታው ከጭሱ ጋር እስከ ላይኛው ፎቅ ሲወጣ ጎረቤቱ በስልኩ መብራት እየተመራ ይወርዳል፣ ጋሽ መኮንንም ሻማቸውን በጣሳ አቁመው የታችኛው ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ።

ጋሽ መኮንን ዕድሜያቸውን እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። እዚያ ደረጃ ላይ ያልተጠየቁት ነገር የለም። ላምበረት የሚሠራው የታክሲ ረዳት፣ ፈረንጅ ሲሳፈር «ጠጋ በል» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሳያስቀይም እንዴት እንደሚለው ይጠይቃቸዋል። እትዬ ዘሀራ ደግሞ እንግሊዝኛ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «ዩ» ብሎ በአንድ ቃል እንደሚጠራ የሰሙ ዕለት «ኧረ ምን ዓይነት ስድ ቋንቋ ነው! አያቴንና ይቺን ጩጬ እኩል?» ብለው ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

የጋሽ መኮንን መልስ ግን በቀጥታ መጥቶ አያውቅም፤ በተረት ዞሮ ነው የሚመጣው። ለእትዬ ዘሀራ፣ ለሕዝቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጠላ ስላለበሰ ንጉሥ አወሩላቸው፤ ሰው ታላቁን በልብሱ መለየት ሲያቅተው በድምፁና በአጎነባበሱ ማክበር ጀመረ፣ እንግሊዞችም አንቱታቸው ድምፃቸው ውስጥ ነው አሉ። ደግሞ አንድ ደንብ ነበራቸው። ወሬው መሐል ላይ ድንገት ቀጥ ይላሉ፣ አድማጭ «ከዚያስ?» ካላለ ንቅንቅ የለም። በቆሏቸውን እየፈለፈሉ ፍሙን ያያሉ። እኛ ልጆች ሆን ብለን ዝም ስንላቸው እትዬ ዘሀራ ተናደው «ከዚያስ በሏቸው እንጂ፣ ከሰሌ አለቀ!» ይሉ ነበር።

እማዬ ከሁሉ ኋላ ግድግዳ ተደግፋ ነበር የምትሰማው። አባቴ ከሞተ ወዲህ አትላስ አካባቢ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ አንሶላ ታጥባለች፤ ሥራዋ የሌሊት ስለነበር ትንሽ ሰምታ ትሄዳለች፣ እኔም እትዬ ዘሀራ ጋ አድራለሁ። እትዬ ዘሀራን እወዳቸዋለሁ፤ ግን የእናት ጉያ ሌላ ነው፣ ስንት ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍኜ አለቀስኩ። በዚያ ክረምት የማረፊያው እንግዳ ተቀባይ ለቀቀችና የቀን ሥራው ክፍት ሆነ። ለማግኘት ከውጭ አገር ከመጣው ሥራ አስኪያጅ ጋር በእንግሊዝኛ ማውራት ብቻ ነበር የሚፈለገው። እማዬ ደግሞ እንግሊዝኛ አንብባ ትረዳለች፣ መናገር ሲመጣ ግን አፏ ይታሰራል።

«ጋሼ፣ ብሳሳትስ?» አለቻቸው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ?»

«እንጀራስ በየት ይግባ ታዲያ፣ ጽጌ?» አሏትና፣ ዋና ሳልለምድ ውሃ አልነካም ብሎ ወንዝ ዳር እንደተቀመጠ ጥም ሊገድለው ስለደረሰ አንድ ዝንጀሮ ነገሯት። ከዚያ በየምሽቱ ያንኑ ተረት በእንግሊዝኛ አስወሯት። ስትሳሳት አያርሟትም ነበር። ስትቆም «ከዚያስ?» ይላሉ፣ ትቀጥላለች።

የፈተናዋ ዕለት አመሻሽ ላይ መብራት የለም፤ ሁላችንም ደረጃው ላይ ጠበቅናት። ስትመጣ ፊቷ ምንም አይናገርም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሽ መኮንን አጠገብ ተቀመጠች።

«ሥራ አስኪያጁ ስለ ራስሽ ንገሪኝ አለኝ» አለች። «ያጠናሁት ሁሉ ብን! የመጣልኝ ዝንጀሮው ብቻ ነው። ወንዙ ጋ ስደርስ እንደ ልማዴ ቆምኩ። ሰውየው ዝም ብሎ ያየኛል፣ እኔም ዝም ብዬ አየዋለሁ።»

«ወይ ጉድ!» አሉ እትዬ ዘሀራ፣ በቆሎው እያረረባቸው።

«ሲቸግረኝ፣ ‹እንዲህማ አይሆንም፣ ከዚያስ ማለት አለብህ!› አልኩታ፣ በእንግሊዝኛ! አፌ ከየት እንዳመጣው እንጃ። ሰውየው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ራሱ ከዚያስ፣ ከዚያስ እያለ አስጨረሰኝ።»

እዚህ ላይ እሷም እንደ ጋሽ መኮንን ቀጥ አለች። በዚያች ቅጽበት መብራት መጣ፣ ግን ማንም አልተነሳም። ጋሽ መኮንን ጎንበስ ብለው «ከዚያስ፣ ልጄ?» አሏት።

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «ከዚያማ ከሰኞ ጀምሮ ማታ ማታ ከልጄ ጋር ነው የማድረው።»

ያን ምሽት ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ እትዬ ዘሀራ ግን እስከ ዛሬ «በጩኸትሽ ደረጃውን አፈረስሽው» ይሉኛል።

አሁን ቦሌ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ በስልኬ «ሚስ፣ ይሄ ልክ ነው?» የሚል ጥያቄ ይጎርፍልኛል፣ አብዛኛውን በአንድ መስመር መልሼ አልፋለሁ። ጋሽ መኮንን ካረፉ ቆይተዋል። አንዳንዴ ግን አንዲት ተማሪ፣ ብዙ ጊዜ እንደ እማዬ ያለች ትልቅ ሴት፣ ዓረፍተ ነገሯን ጀምራ መሐል ላይ ትቆማለች፣ ክፍሉም ወደ እኔ ያያል፣ እንዳርማት። ያኔ ጠመኔዬን አስቀምጥና አጠገቧ እቀመጣለሁ። በቆሎ ባይኖረኝም ጊዜ አለኝ።

«ከዚያስ?» እላታለሁ።