የአጥቂዎች አሠልጣኝ ስንመርጥ

ቡድናችን ግብ ማግባት አቅቶት ነበር። ተከላካዮቻችን ጠንካሮች ነበሩ፤ በረኛችን ላይም የስዊድኖቹ ቡድኖች ዓይናቸውን ጥለውበት ነበር። ፊት ያሉት ግን ኳስ ሲደርሳቸው ሰው ቤት በእንግድነት እንደገባ ሰው ይሆናሉ፤ የት እንደሚቆሙ አያውቁም። አንድ ለባዶ እየተሸነፍን፣ ባዶ ለባዶ እየተለያየን አንድ የውድድር ዘመን ጨረስን። ጊዜው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ስቶክሆልም ያለን ኢትዮጵያውያን ከቤተ ክርስቲያንና ከኳስ በቀር ሌላ መገናኛ ሰበብ አልነበረንም፤ ስለዚህ የቡድኑ ሽንፈት የሁላችንም ሽንፈት ነበር።

አሠልጣኛችን ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ነበሩ። አዲስ አበባ የስፖርት አስተማሪ ሆነው ስንቱን ትውልድ ያስሮጡ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። በረዶው ሳይቀልጥ አንድ ቀን ኮሚቴውን ጠሩና ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው፣ “እኔ የማውቀው መከላከል ነው። ዕድሜ ልኬን ተከላካይ ነበርኩ። አጥቂዎቹን የሚይዝልኝ ሰው ፈልጉልኝ” አሉ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፦ እሳቸው፣ ሊቀመንበሩና እኔ። ሊቀመንበሩ ተማሪ ሆኖ የመጣ፣ ኢኮኖሚክስ ያጠና፣ ከመካከላችን ኮሙን ውስጥ ወንበር ያገኘ ብቸኛ ሰው ነበር። ኮሙን ትምህርት ቤቱንም፣ የአረጋውያን ቤቱንም፣ ድጎማውንም የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ስለሆነ እዚያ የሚሠራ ሐበሻ በእኛ ዘንድ እንደ ትንሽ ሚኒስትር ይታይ ነበር። እኔ ጸሐፊው ነኝ። እኔም ለትምህርት ነበር የመጣሁት፤ በኬሚስትሪ ተመርቄያለሁ። በዚያ ጊዜ ግን አንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን አጥብ ነበር። አገሩ ሥራ ጠፍቶበታል። ለማመልከቻዬ የሚመጣው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ትምህርትዎ መልካም ነው፣ ነገር ግን በቂ የሥራ ልምድ የለዎትም። ልምዱን ከየት አባቴ እንደማመጣው የሚነግረኝ አልነበረም።

ለቦታው ሦስት ሰዎች ቀረቡ። አንዳቸውም አሠልጥነው አያውቁም። የመጀመሪያው የምድር ባቡር ሾፌር ነበር፤ የሥራ ሰዓቱ ከልምምዳችን ጋር ስለተጋጨ ወዲያው ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ሁለተኛው የሊቀመንበሩ ሚስት ወንድም ነው። አርባ ዓመት ግድም የሆነው፣ አዲስ አበባ በአንድ ትልቅ ክለብ ሁለተኛ ቡድን ውስጥ የነበረ፣ አብዛኛውን ጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ ማሳለፉን ራሱም እየሳቀ የሚናገር ሰው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ መዘምራኑን የሚመራው እሱ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን መናገር አለብኝ።

ሦስተኛው ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። በልጅነቱ ከእናቱ ጋር መጥቶ ብሬዴንግ በሚባለው የከተማው ዳር ሰፈር ነው ያደገው። ለአንድ የስዊድኖች የወጣቶች ቡድን አጥቂ ሆኖ ተጫውቶ ጉልበቱ ሲበላሽ አቆመ። አማርኛ ይሰማል፤ መልሱ ግን በስዊድንኛ ነው። አማርኛ ሲሞክር ቃላቱን እንደ ትኩስ ድንች ነበር የሚያገላብጣቸው።

ለእያንዳንዳቸው አንድ ልምምድ እንስጣቸውና እንያቸው አልን። ሐሳቡ የጋሼ ነው፤ እኔም ደስ አለኝ። ማንም ያልተፈተነ ከሆነ መፈተን ነው እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል?

የሊቀመንበሩ አማች በጸሎት ጀመረ። ቀጥሎ ስለ አንድነት ተናገረ፤ ንግግሩ ያማረ ነበር። ከዚያ ሜዳውን አስዞራቸው፣ ተሰልፈው በየተራ ወደ ጎል እንዲመቱ አደረገ። ያገባውን ያጨበጭብለታል፣ የሳተውን በቀልድ ያጽናናዋል። ልጆቹ ሲስቁ ዋሉ። ላባቸውን እየጠረጉ ሲወጡ አንዱም ይዞት ከመጣው በላይ ያወቀ አልነበረም።

በሚቀጥለው ሳምንት ወጣቱ መጣ፤ ትንሽ ያነክሳል። ጃኬቶች ሰብስቦ የተቃራኒ ተከላካዮች አድርጎ ጠጠሩ ሜዳ ላይ አስቀመጣቸውና አጥቂዎቹን ብቻ ወሰደ። ኳሱ ከአማካዩ እግር ሲለቅ እያንዳንዱ የት መሆን እንዳለበት ትከሻቸውን ይዞ እያንቀሳቀሰ ያሳያቸዋል። ያንኑ አንድ ነገር እስኪሰለቻቸው ድረስ አስደጋገማቸው። “እንደገና” ይላል፤ በደንብ ከሚያወጣቸው የአማርኛ ቃላት አንዱ ይህ ነበር። መጨረሻ ላይ ለሁለት ተከፍለው ሲጫወቱ አንደኛው አጥቂ ተከላካዩን ይዞ ወደ ጎን ሄደ፣ በተከፈተው ቦታ ሌላው ገባ፣ ኳሱም መጣለት። ጎል! ራሳቸውም ደነገጡ።

ከአጥቂዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው፣ ዳቦ ቤት የሚሠራው ልጅ ጫማውን እየፈታ፣ “እስከ ዛሬ ‘ሩጥ’ ብቻ ነበር የምባለው። ወዴት እንደምሮጥ የተነገረኝ ዛሬ ነው” አለ። ጋሼ አጠገቡ ቆመው ሰሙት። ቀና ብዬ ላያቸው አፈርኩ።

በቱነልባናው፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ አብረን ስንመለስ ግን ቅሬታ አላየሁባቸውም። “አየኸው?” አሉኝ ጉልበቴን መታ አድርገው። “እኔ ይህን ስፈልግ ነው ያረጀሁት። ይህ ልጅ ነው የሚሻለን።”

“እንግዲያው አለቀ” አልኳቸው።

“አለቀ” አሉ።

ስብሰባው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ፣ ሃሉንዳ በሚባለው ሰፈር ባለችው የማኅበራችን ምድር ቤት ነበር። እኔ ያየነውን ተናገርኩ። ሊቀመንበሩ ሳያቋርጠኝ ሰማኝና፣ “ልጁ ጎበዝ ነው፤ ማንም አልካደም። ግን ልምዱ የታለ? እስከ ዛሬ ማንን አሠልጥኗል?” አለ።

“የሚስትህ ወንድምስ ማንን አሠልጥኗል?”

“እሱ የኖረ ሰው ነው። ሃያ ሰው በአንድ ድምፅ ማዘመር አመራር አይደለም? ልጁ ደግሞ አማርኛ አይናገርም። ነገ ወላጆች ቢያነጋግሩት ምን ሊል ነው?”

“የሚያሠለጥነው ወላጆቹን አይደለም።”

“አንተ ሁልጊዜ ነገር ታከራለህ” አለኝ በትዕግሥት፤ ልጅን እንደሚመክር። ቀጥሎም ወደ ጋሼ ዞረ። “እርስዎስ ምን ይላሉ? ረዳትነቱ ለእርስዎ ነው።”

እኔ ዘና ብዬ ተቀምጬ ነበር። ጋሼ ጓንታቸውን ጠረጴዛው ላይ እያስተካከሉ፣ “ተጫዋች ትልቅ ሰው ይፈራል። ትልቅ ሰው ይሻላል” አሉ። ከዚያ ልጃቸው ሊሆን የሚችለውን ሊቀመንበር፣ ያለ ወትሯቸው አንቱ ብለው፣ “እርስዎ እንዳሉት ይሁን” አሉት።

ሁለት ለአንድ። ስብሰባው በምርቃት ተዘጋ።

ውጭ የሰፈሩ የገበያ ማዕከል በር ላይ ደረስኩባቸው። “ጋሼ፣ በባቡሩ ውስጥ የነገሩኝ ምን ሆነ?”

በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ ያስተምሩ እንደነበር አውቃለሁ፤ እዚህ ሄምስፕሮክ ይሉታል፣ የቤት ቋንቋ እንደማለት። ኑሯቸው እሱ ነው። “የማስተማሪያ ሰዓቴ ውል በሰኔ ያልቃል” አሉ። “ኮሙኑ እየቀነሰ ነው። የማን ይቀጥል፣ የማን ይቅር የሚባለው በማን ጠረጴዛ እንደሚያልፍ ታውቃለህ።”

“አስፈራራዎት?”

“ምን ብሎ ያስፈራራኛል? ሻይ ጋበዘኝ። ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ሥራ እንዴት ነው አለኝ። በቃ ይኸው ነው።”

ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር። ግን በዕድሜ አባቴ የሚሆን ሰው ዓይኑን ከዓይኔ ሲያሸሽ ምን ይባላል? ቦርሳቸውን ተቀብዬ እስከ ባቡሩ ተሸከምኩላቸው።

ለወጣቱ መንገር የጸሐፊው ሥራ ሆነ። ብሬዴንግ ጣቢያ ያለው ኪዮስክ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የልምምዱን ዕቅድ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ለወሩ ሙሉ አስቦበታል። ቃል አሳምሬ ልነግረው ሞከርኩ፦ ሁሉም እንደወደዱት፣ ወጣት መሆኑን፣ ጊዜ እንዳለው። እሱ ግን በስዊድንኛ አቋርጦኝ፣ “ልምድ የለህም ነው የምትሉኝ?” አለ።

“እኔ አላልኩም። ኮሚቴው ነው።”

ከዚያ ሳልጠብቀው በአማርኛ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ፣ “ይህን የሚሉት ስዊድኖቹ ብቻ ይመስሉኝ ነበር” አለኝ።

ወደ ወጥ ቤቱ ስመለስ ሳህኖቹ ላይ ነበር ንዴቴን የተወጣሁት። ስዊድኖቹ በራቸው ላይ ቆመን ሥራ ስንለምን የሚሰጡንን መልስ ተሸክመን ገብተን ለልጆቻችን እንሰጠዋለን። በገዛ ቋንቋችን፣ በገዛ ምድር ቤታችን፣ በጸሎት ከፍተን በምርቃት ዘግተን። ስዊድኑ ቢያንስ ምርቃቱን አይጨምርበትም።

የተመረጠው ሰው ጸደዩን በትጋት ጀመረ። በበጋው መዘምራኑ በየከተማው መጋበዝ ሲጀምሩ ግን አንድ ልምምድ መጥቶ ሁለት ይቀራል። አጥቂዎቹ ወደ “ሩጥ” ተመለሱ። በመኸር ወደ ታችኛው ምድብ ወረድን። በዓመታዊው ጉባኤ ሊቀመንበሩ ተነሥቶ፣ “ጊዜ እንስጠው፤ ልምድ በአንድ ቀን አይመጣም” ሲል አጨበጨቡለት። እኔ ከኮሚቴው ወጣሁ። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

የጋሼ የማስተማሪያ ሰዓትም አልተረፈላቸውም። ሰኔ ሲመጣ ተቀነሰ። ሊቀመንበሩ “ውሳኔው ከእኔ በላይ ነው” ብሏቸዋል አሉ፤ ምናልባትም እውነቱን ነው። በመኸሩ ጎተንበርግ ወደምትኖረው ልጃቸው ሄዱ። ስልክ ስደውል ስለ ጤና፣ ስለ ብርድ፣ ስለ አገር ቤት እናወራለን። ስለ ኳስ አንስተው አያውቁም፤ እኔም አላነሣሁባቸውም።

ወጣቱን ዳቦ ቤት የሚሠራው አጥቂ ደጋግሞ ለምኖት ነበር፤ ዝም ብለህ መጥተህ ብታየን እንኳ ብሎት። አልመጣም። ከዚያ በኋላ በበዓልም በሠርግም አይቼው አላውቅም። እናቱ ብቻ ትመጣለች፤ “ሥራ ይበዛበታል” ትላለች።

ሰዎች አንዳንዴ፣ “ያኔ እሱን ብንመርጥ ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?” ይሉኛል። አላውቅም። ያየሁት አንድ ልምምድ ነው። ምናልባት በሁለተኛው ወር ይሰለቻቸው ነበር፤ ምናልባት ከጋሼ ጋር ይጣላ ነበር፤ ምናልባትም ትልቅ አሠልጣኝ ይወጣው ነበር። የሚያንገበግበኝ ይኸው አለማወቄ ነው። አማችየውን ሞክረን አወቅነው። ይህንን ግን ከነጥያቄው ቀበርነው።

ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ለቅሶ ለመድረስ ወደ ሶደርተልየ ከተማ በባቡር ስሄድ ያን ወጣት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አገኘሁት። ወፍሯል። መድኃኒት ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል እንደሚሠራ ነገረኝ፤ በስዊድንኛ፣ በትሕትና። ትንሽ ልጁ ጭኑ ላይ ተቀምጣለች።

“ኳስስ?” አልኩት።

“በቴሌቪዥንም አላይም።”

ልጅቷ ስታየኝ ቆይታ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ ማን እንደሆንኩ ጠየቀችው። እሱም ድምፁን ሳይቀንስ በስዊድንኛ፣ “የእናቴ አገር ሰው ነው” አላት። የሚቀጥለው ጣቢያ ላይ እጄን ጨብጦኝ ከልጁ ጋር ወረደ።