በአያ ገብሬ ማሳ ላይ ብቻ የሚለግመው ትራክተር

ወልዲያ መውጫ ላይ ያለው ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ቀን አዲሱን ቱታዬን ለብሼ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። መፍቻ የሚሰጠኝ መስሎኝ ነበር። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ አስፋው የሰጡኝ ግን ባልዲና ብሩሽ ነው። በር ላይ የቆመ ትንሽ የእርሻ ትራክተር አሳዩኝና «እጠቢው» አሉኝ።

ኮሌጅ የተማርኩት ለእጥበት አይደለም ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ጭቃውን እያስለቀቅኩ ከኋላ ማረሻውን የሚያነሱት ክንዶች ጋ ስደርስ፣ አንዱ የሃይድሮሊክ ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ዘይት እንደሚያዥ አየሁ። ጋሽ አስፋው የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ መጡ።

«ምን አገኘሽ?»

«ዘይት ያዣል።»

«ጭቃውን ሳታነሺ ብትፈቺው ኖሮ እስከ ማታ ትፈልጊው ነበር። በይ፣ አሁን መፍቻ ውሰጂ።»

እንዲህ ብዬ የገባሁበትን ሥራ እስካሁን አልለቀቅኩትም። በእነዚህ ትንንሽ ትራክተሮች ላይ ገበሬውን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ሃይድሮሊኩ ነው። ሃይድሮሊክ የምንለው በዘይት ግፊት ማረሻውን የሚያነሳውንና የሚያወርደውን ክፍል ነው። ሞተሩ እየሠራ ማረሻው ከመሬት አልነሳ ካለ ሰውየው ማሳው ላይ ተተክሎ ይቀራል። ያኔ ስልክ ይደውላል።

አንድ የሐራ ገበሬ እንደዚያ ደወለልኝ። ፓምፑ ሞቷል፣ አዲስ ይዘሽ ነይ አለኝ። ማረሻው ላይ የጨመርከው ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ጠልቆ እንዲያርስለት ትልቅ ድንጋይ አስሮበት ኖሯል። አውርደውና ሞክር አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ወደ ስልኩ ሲመለስ እየሳቀ ነበር። «እህቴ፣ ይኼን ለሰው እንዳትነግሪ» አለኝ። ስሙን አልጻፍኩም።

ብዙ ያስተማሩኝ ግን አያ ሙሄና አያ ገብሬ ናቸው። ሁለቱም ከመርሳ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ የሚኖሩ፣ ከልጅነት ጀምሮ የማይለያዩ ወዳጆች ናቸው። በረመዳን አያ ገብሬ ለማፍጠሪያ ቴምር ይዘው ይሄዳሉ፤ በፋሲካ ማግስት አያ ሙሄ ከነቤተሰባቸው አያ ገብሬ ቤት ይውላሉ። ትራክተሩንም በጋራ ነው የገዙት። የአያ ሙሄ መሬት መንገዱ ዳር ያለ ሜዳ ነው። የአያ ገብሬ ደግሞ ከጋራው ግርጌ ወደ ታች የሚወርድ ረዥም ቁልቁለት ነው።

መጀመሪያ የደወሉት አያ ሙሄ ነበሩ። ማረሻው አንዳንዴ አልነሳ ይላል አሉኝ። ሄድኩ። ትራክተሩ የሚያድረው እሳቸው ደጅ ላይ ስለነበር እዚያው ዘይቱን ለካሁ፤ ሙሉ ነው። ዘይቱን የሚያጣራውን ፊልትሮ አወጣሁ፤ ቆሽሿል፣ ቀየርኩት። ከዚያ ሜዳው ላይ ስንሞክረው ማረሻው ያለ ምንም ችግር ወጣ፣ ወረደ። መርቀው ሸኙኝ።

ሳምንቱ ሳያልቅ አያ ገብሬ ደወሉ።

«ልጄ፣ ተመልሶ ለገመ። የሚለግመው ደግሞ በኔ ማሳ ላይ ብቻ ነው። ሙሄ ጋ ሲሆን እንደ ሙሽራ ነው።»

ከጎናቸው የአያ ሙሄ ድምፅ ተሰማኝ። «እጁ ከባድ ነው። ማንሻውን እንደ በሬ ቀንበር ነው የሚጎትተው።»

«እሱ ራሱ ምን እየነካካ እንደሚሰጠኝ ማን ያውቃል?» አሉ አያ ገብሬ።

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ኋላ አያ ገብሬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ገዢ አግኝተናል። ሸጠን ብንገላገል ይሻላል። በብረት የተነሳ ከሙሄ ጋር ከምቀያየም በበሬ ባርስ እመርጣለሁ» አሉኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። ዝናቡ ጀምሯል፤ የጤፍ ማሳቸው ገና ደጋግሞ መታረስ አለበት። በሬዎቹን ደግሞ ሁለቱም ሸጠዋል።

ዝም ብዬ ሄጄ ፓምፑን ብፈታው ምን እንደማገኝ አላውቅም ነበር። ስለዚህ እንዲህ አልኳቸው፦ «ነገ ሁለታችሁም አብራችሁት ዋሉ። አንዳች ነገር አትፍቱ። አያ ገብሬ ይንዱ፣ አያ ሙሄ ከጎን በእግር ይከተሉ። መቼ እንደሚያነሳ፣ መቼ እንቢ እንደሚል፣ ሲለግም ምን ድምፅ እንደሚያሰማ ብቻ ንገሩኝ።»

«ሥራ ፈተን እንድንከተለው ነው?» አሉ አያ ሙሄ።

«አዎ፣ አያ ሙሄ። እኔ እዚያ የምቆየው ጥቂት ሰዓት ነው። እናንተ ግን ከሱ ጋር ትውላላችሁ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ አያ ሙሄ ሲደውሉ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ልጄ። ደረስንበት መሰለኝ። ሽቅብ ሲያርስ ያነሳል። ቁልቁል ሲወርድ ነው እንቢ የሚለው። እንቢ ሲል ደግሞ ከወንበሩ ሥር እንደ ድመት ያጉረመርማል።»

አያ ገብሬ ከኋላ ጮኸው፣ «እኔ እላዩ ተቀምጬ ሞተሩ ጆሮዬን ይዞታል፤ ማጉረምረሙን የሰማው እሱ ነው» አሉ።

ከዚህ በላይ የሚነገረኝ አያስፈልገኝም ነበር። ፓምፑ አየር ሲስብ ነው እንደዚያ የሚያጉረመርመው። ቁልቁል ሲወርድ ብቻ አየር ከሳበ፣ ዘይቱ ወደ ፊት እየሄደ ከኋላ ያለው የፓምፑ ዘይት መሳቢያ ባዶ ይቀራል ማለት ነው። ያ የሚሆነው ደግሞ ዘይቱ ሲያንስ ነው። ዘይት ጭኜ በሚኒባስ ወረድኩ።

ትራክተሩን ለጥ ባለው የአያ ገብሬ አውድማ ላይ እንዲያቆሙት አደረግኩ። ዘይቱ ሁሉ ወደ ቋቱ እንዲመለስ ክንዶቹን አስወረድኩ፣ ሞተሩን አስጠፋሁ፣ የዘይት መለኪያውን መዘዝኩ። ጫፉ ብቻ ነው የረጠበው።

አያ ሙሄ ክው አሉ። «ዛሬ ጠዋት ሙሉ ነበር። ወላሂ፣ በእጄ ለክቼዋለሁ።»

አያ ገብሬ ከመለኪያው ቀና ብለው ወዳጃቸውን አዩዋቸው። ያ አስተያየት ከንግግር የባሰ ነበር፤ አያ ሙሄ አንገታቸውን ደፉ።

«የት ቆሞ ነው የለኩት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እንደ ወትሮው ደጄ ላይ ነዋ።»

የአያ ሙሄ ማሳ ሜዳ ቢሆንም ደጃቸው ዳገት ነው። ትራክተሩ አፍንጫውን ሽቅብ አድርጎ ነው የሚያድረው፤ ዘይቱ ሁሉ መለኪያው ወዳለበት ወደ ኋላ ይተኛል። ጎዶሎው ሙሉ ይመስላል። እኔም ራሴ እዚያው ለክቼ ሙሉ ነው ብያቸው ነበር። ግማሽ ድረስ ውኃ ያለበት ጆግ አስመጣሁና ዘንበል አድርጌ አሳየኋቸው፤ በአንድ በኩል ውኃው አፉ ጋ ደረሰ፣ በሌላው በኩል ታቹ ታየ።

አያ ገብሬ ጆጉን ተቀብለው እሳቸውም ደጋግመው አዘነበሉት። ከዚያ ሳቃቸው መጣ። «ሙሄ፣ የዋሸን ደጅህ ነዋ።»

«ደጄ ይደር ያልከው አንተ ነህ፤ ጎርፍ አይደርስበትም ብለህ» አሉ አያ ሙሄ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ዘይቱ ወዴት እንደሄደ ለማወቅ ትራክተሩን አጠብነው። ከሥር አንድ መጋጠሚያ ላልቶ ቀስ እያለ ያንጠባጥብ ነበር፤ አጠበቅኩት። ዘይት ሞላን። ክንዶቹን ጥቂት ጊዜ አንስተን አውርደን አየሩ እንዲወጣ አደረግንና ደግመን ለካን። የለኩት አያ ሙሄ ናቸው። መለኪያውን ለአያ ገብሬ አሳዩ፤ አያ ገብሬም ጎንበስ ብለው አዩ።

ከዚያ ወደ ማሳው ሄድን። አያ ገብሬ ከላይ ጀምረው ቁልቁል እያረሱ ወረዱ። እኔና አያ ሙሄ ታች ድንበሩ ላይ ቆመን ጠበቅን። አያ ገብሬ ድንበሩ ጋ ደርሰው ማንሻውን ሲስቡ ማረሻው አፈሩን እያራገፈ ተነሳ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ አያ ሙሄ።

«እጄ ቀለለ?» አሉ አያ ገብሬ ከላይ ሆነው።

የቀረውን ቀን እየተፈራረቁ አረሱ። እኔ ከመሄዴ በፊት ገዢው ደወለ። አያ ገብሬ አነሱና «የሚሸጥ ትራክተር የለንም፣ ወንድሜ» ብለው ዘጉት። ከዚያን ቀን ወዲህ ትራክተሩ የሚያድረው አውድማው አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ነው።

አሁን ጋራዡ ውስጥ አዳዲስ መካኒኮች አብረውኝ ይሠራሉ። ስልክ ሲነሳ ምን ብለው እንደሚጠይቁ አሳያቸዋለሁ፦ መቼ ነው የሚለግመው? የት ላይ? ምን ይሰማል? ዘይቱ የተለካው ሜዳ ላይ ነው? ክንዶቹ ወርደው ነበር? አብዛኛው ብልሽት በነዚህ ጥያቄዎች እዚያው ስልክ ላይ ያልቃል።

ከሥራዬ የተማርኩት ይኼው ነው፤ ትራክተሩን ከኔ ይልቅ አብሮት የሚውለው ባለቤቱ ያየዋል። ያየውን እንዲነግረኝ መጠየቅ የኔ ሥራ ነው።