የአባባ በራሶ ጥቀርሻ

ኖራ በሸተተኝ ቁጥር መጀመሪያ የሚያሳክከኝ እግሬ ነው። ባለፈው ሰኞ ፍስሐ ገነት ከተማ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ፣ ወደ ሰፈሬ በሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ያ እርጥብና የሚከነክን ሽታ ተቀበለኝ፤ እኔም ሳላስበው ጫማዬን አውልቄ ቁርጭምጭሚቴን ማከክ ጀመርኩ። ዲላ እንግዳ ልትቀበል ነው ማለት ነው።

እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ ኖራ ይቀባል። ተማሪ ሳለን ርእሰ መምህራችን ጋሽ ታምሩ ከአዋሳ ሹም ይመጣል በተባለ ቁጥር ከክፍል አስወጥተው የመንገዱን ዳር ድንጋይ፣ የባሕር ዛፉን ግንድ፣ አንድ ቀን ደግሞ ቆሞ ያንቀላፋውን የዘበኛውን አህያ ኮቴ ሳይቀር ኖራ ያስቀቡን ነበር። ሹሙ አይመጣም፤ ኖራው ግን እግራችንን በልቶ በልቶ፣ ማታ እናቶቻችን ቅባት እየቀቡ ጋሽ ታምሩን ሲረግሙ ያመሹ ነበር።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የድንጋይ ካባው ነበር። የከተማው የድሮ ቤቶች መሠረት፣ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ የመስጊዱ ደረጃ ሁሉ ተፈንቅሎ የወጣው ከዚያ ነው። ካባው ውስጥ ይሠሩ ከነበሩት ሰዎች ጎረቤታችን አባባ በራሶ አንዱ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ከኮንጋ የመጡ፣ አማርኛን እንደ ድንጋዩ በፈለጉት በኩል እየሰነጠቁ የሚናገሩ ረጅም ሰው። አለቱን በመዶሻ ብቻ አይታገሉትም። ከቡና መቀሸሪያው በኩንታል ያስመጡትን ገለባ የአለቱ ግድግዳ ሥር ይከምሩና እሳት ይለቁበታል። የቡና ገለባ አይንበለበልም፤ እንደ ቂመኛ ሰው ውስጥ ውስጡን እየጨሰ ያድራል። ጠዋት እኛ ደብተራችንን ይዘን ስንደርስ፣ አባባ በራሶ የወንዝ ውሃ በባልዲ ይዘው የጋለው አለት ፊት ይቆማሉ፤ ወደኛ ዞረው «ጆሮ ያዝ!» ይላሉ፤ ከዚያ ውሃው ይደፋል፣ እንፋሎቱ ይነሣል፣ አለቱም የሰፈሩን ውሾች ሁሉ በሚያስጮህ ድምፅ ለሁለት ይከፈላል። «አየህ፣ ተናደደች!» ይሉናል እየሳቁ። «ድንጋይ በዱላ አትሰማም። ታሞቀዋለህ፣ ታበርደዋለህ፣ ራሷ ትናደዳለች።» ያንን ድምፅ ሳንሰማ ክፍል መግባት ቁርስ ሳንበላ እንደመግባት ነበር።

የዚያ ሁሉ ጭስ ጥላሸት ግድግዳው ላይ ቀረ። ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበ ጥቁር ምላስ፤ እሳቱ የት እንደነደደ፣ አለቱ በየት በኩል እንደተሰነጠቀ የሚያሳይ። አባባ በራሶ ከሞቱ፣ ሲሚንቶ ብሎኬትም ካባውን ሥራ ካስፈታው በኋላ፣ የእሳቸው ነው ብዬ በእጄ የምነካው ያ ጥቀርሻ ብቻ ነበር። ልጅ ሳለሁ እጄን አጠቁሬበት የእህቴን ጉንጭ ቀብቻለሁ። ትልቅ ሰው ሆኜም ማንም ሳያየኝ ሄጄ ጣቴን አሳርፌበታለሁ።

ካባው ቆሻሻ መጣያ ሊሆን ሲል ጥቂቶች ተሰብስበን ቦታውን እንደ ቅርስ የሚጠብቅ የበጎ ፈቃድ ማኅበር አቋቋምን። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡት ጋሽ ታምሩ ናቸው። የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ያላት ከድጃ የሚያስፈልገውን ዕቃ ከሱቋ በነጻ ትሰጣለች፤ እኔ ደግሞ ተቃውሞ አቀርባለሁ። እሑድ እሑድ ከንቅልፋቸውና ከቤተሰባቸው ቀንሰው ቆሻሻ ያወጡትን፣ ቁጥቋጦ የመነጠሩትን ሰዎች ልወቅሳቸው አልችልም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፤ ጥቀርሻው እንዳይነካ። ሁሉም እጁን አውጥቶ ተስማማ። ከዚያ እኔ ለቅሶ ሄድኩ፣ ከዞን ደግሞ እንግዳ ይመጣል ተባለ።

ያን ሰኞ ሽታውን ተከትዬ ካባው ስደርስ ግድግዳው እንደ ሙሽራ ነጭ ለብሷል። ጋሽ ታምሩ ቅንድባቸው ድረስ ኖራ ሆነዋል።

«እንዴት ነው ደረጄ? አላማረም?»

«ጋሼ፣ ጥቀርሻውስ?»

«ብታየው! በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገን፣ በኦሞ አጥበን ነው ያስለቀቅነው። ስንት ዘመን የቆየ ቆሻሻ መሰለህ!»

«ቅርሱ እኮ እሱ ነበር! እጃችሁን አውጥታችሁ ተስማምታችሁ የለም እንዴ?»

«እሱማ ተስማምተን ነበር» አሉ ቅር ብሏቸው፤ «እንግዳ ይመጣል ሲባል ነው እንጂ። ታዲያ እንዳደፈ ይዩት?»

ከድጃ ብሩሿን ባልዲ ውስጥ ነክራ ሳቀች። «ደሬ ሙት፣ ጥቀርሻ ቅርስ ከሆነማ የእናቴን ኩሽና በትኬት አስጎበኛለሁ!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ቀልዱ ጥሩ ነበር።

እንግዶቹ ረቡዕ በእርግጥ መጡ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ኖራ ተቀብቶላቸው የመጡ ሹሞች ሳይ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ነጩ ግድግዳ ፊት ተደርድረው ፎቶ ተነሡ። ከመካከላቸው አንዲት ወጣት ወደ ዳር ሄዳ ገና ካልተነሣው የቆሻሻ ክምር ጀርባ አጎነበሰች፤ «ይሄ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?» አለች። ብሩሹ ያልደረሰበት ጥግ ነበር። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ጋሽ ታምሩ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ «ይቅርታ ልጄ፣ አምልጦን ነው። በመጪው እሑድ እናዳርሰዋለን» አሏት።

እሑድ ከሁሉም ቀድሜ ሄድኩ። ክምሩን አልፌ ገባሁና ጥጉን ተደግፌ ተቀመጥኩ። አለቱ ቀዝቃዛ ነበር። ጋሽ ታምሩ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው መጥተው ከፊቴ ቆሙ፤ እንደ ድሮው ሁሉ ቁጣቸውና ርኅራኄያቸው አንድ ላይ ፊታቸው ላይ ይታያል።

«ተነሣ እንጂ ልጄ፣ ሸሚዝህ ጠቆረ እኮ።»

«ይጥቆር ጋሼ።»

«እስከ መቼ ልትቀመጥ ነው?»

ጀርባዬን ይበልጥ አለቱ ላይ ለጠፍኩ። ባልዲውን አስቀመጡና እሳቸውም ድንጋይ ላይ አረፍ አሉ፤ ሲደክመኝ እንደምነሣ ያውቃሉ። ያ ልጆች ሆነን አንጋጠን ጫፉን ለማየት አንገታችንን ያሳመመን ጥቁር ግድግዳ፣ አሁን የቀረው የኔን ጀርባ ያህል ነው።