የፍሎፒው ምስክርነት

ፎገራ ውስጥ ወረታ በተመደብሁ በጥቂት ዓመት ውስጥ መሥሪያ ቤታችን ፊልም የማይጎርስ ካሜራ መጣለት። ሥዕሉን የሚያስቀምጠው ኮምፒዩተር ላይ በምንጠቀምበት ፍሎፒ ዲስክ ነው። ጎኑን ከፍተህ ፍሎፒውን ታጎርሰዋለህ፣ ማንሻውን ትጫናለህ፣ ውስጡ እያጉረመረመ ሲጽፍ ቆመህ ትጠብቃለህ። ከዚያ ጀርባው ላይ ባለች ትንሽ መስኮት ያነሣኸውን ታያለህ። ክብደቱ የአጥር ድንጋይ ያህላል። ከእኔ በቀር የሚነካው ስላልነበረ ኮራሁበት፤ ከሸዋ የመጣ የሩዝ ባለሙያ ሌላ የሚኮራበት ብዙም አልነበረውም።

ሥራዬ ለሪፖርት የሚሆን የሩዝ ማሳ ማንሣት ነበር። በአንዱ ጥቅምት የእኔ እኩያ የሚሆን ገበሬ ማሳው ዳር አቁሜ አነሣሁት። በሬውን በገመድ ይዞ ነበርና ወዲያ እንዲያደርገው ጠየቅሁት።

«እሱም ይነሣ እንጂ፤ ያረሰው እሱ አይደል?» አለኝ።

ብርሃኑ እየሸሸብኝ ስለነበር አልተከራከርሁም።

በተከታዩ ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን አለበሰው። እንዲህ ሲሆን ከብቱ ወደ ደረቁ ይሸሻል፤ የዚህም የዚያም መንጋ ይደባለቃል። ውሃው ሲጎድል የገበሬው በሬ ጠፋ። ከመስቀል ወዲህ በሐሙሲት በኩል ካለ አንድ ሰው መንጋ መካከል አገኘው፤ ሰውየው ግን «ከቤቴ ተወልዶ ያደገ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ለገበሬው የቀረው አንድ በሬ ነው። በአንድ በሬ አይታረስም፤ የሚያቀናጀው ሰው ካጣ መሬቱን ሌላ አርሶት እኩሌታውን ሊበላ ነው። ነገሩ ለሽማግሌ በተሰጠ ጊዜ ቢሮ ድረስ መጥቶ «ያች ሥዕል አለች?» ሲለኝ ፍሎፒውን ከመሳቢያ አወጣሁለት። ደስ አለኝ። ካሜራው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሪፖርት የተሻለ ነገር ሊሠራ ነው ብዬ ነበር።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ከደብሩ ደጀ ሰላም አጠገብ ነው። በሬውም እዚያው ታስሯል። መስኮቷ ፀሐይ ላይ ስለማትታይ ካሜራውን እየተቀባበሉ፣ ጋቢያቸውን እየተከናነቡ፣ ከጋቢው ውስጥ ሆነው አዩ። አንዱ ብቅ ይልና በሬውን አይቶ ተመልሶ ይገባል። ሥዕሉ ላይ ያለውም የቆመውም ቡራቡሬ ነው።

«በፎገራ ቡራቡሬ በሬ ብርቅ ነው እንዴ?» አለ ባላጋራው።

መካከል የተቀመጡት ቄስ ወደኔ ዞሩ።

«አንሺው አንተ ነህ?»

«አዎ አባ።»

«እንግዲያ ማል። ይህ የቆመው በሬ ያን ዕለት በዓይኔ ያየሁት ነው በል።»

«ሥዕሉ ያሳያል እኮ አባ።»

«ይህ ዕቃ ነፍስ የለው። በሐሰት ቢመሰክር ምን ያገኘዋል? የሚያገኘው ያለ ነው የሚምል።»

ያን ዕለት ያየሁትን ለማስታወስ ሞከርሁ። የሩዙ ዛላ ትዝ አለኝ፤ ነፋሱ ወዴት እንዳስተኛው ሳይቀር። ከበሬው የማስታውሰው ሥዕሌን እንዳበላሸብኝ ብቻ ነው።

«እኔ ሩዙን ነበር የማየው» አልሁ።

«በሬስ ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ ይገባል» አሉ ጥግ ላይ ያሉ ሽማግሌ፤ «ይኸ ደሞ ሳሩን አይቶ በሬውን ሳያይ ቀረ።»

ሳቁ። አፈርሁ፤ ከማፈሬም ይልቅ ተናደድሁ። በሬው የገበሬው እንደሆነ አንዳች አልጠራጠርም ነበርና «እምላለሁ» ብዬ ተነሣሁ። ገበሬው እጅጌዬን ያዘኝ።

«ተው ወንድሜ። ያላየኸውን ለኔ ብለህ አትማል። በሬ ይገዛል።»

እንደማይገዛ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ የተቀመጡትም ያውቃሉ። ተመልሼ ተቀመጥሁ።

ምስክር ሲጠፋ የሚምለው ከብቱ በእጁ ያለው ነውና ቄሱ መሐላውን ለባላጋራው ሰጡ። እሱ ሄዶ ደጁን ተሳለመ፤ «የኔ ካልሆነ ይህ ደጅ ሬሳዬን አይቀበል» አለ፤ ድምፁ ንቅንቅ አላለም። መሐላ ከገባ ወዲያ የሽማግሌ ነገር ያከትማል። በሬውን ፈትተው ሰጡት።

እኔና ገበሬው ወደ ወረታ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ስንሄድ ከኋላችን ኮቴ ሰማን። በሬው ገመዱን ከባላጋራው እጅ አስጥሎ፣ መሬት ለመሬት እየጎተተው መጥቷል። ሽማግሌዎቹ ገና ከደጀ ሰላሙ አልተነሡም፤ ሁሉም ያያሉ። ገበሬው «ሂድ» ብሎ በእጁ መለሰው። በሬው ጥቂት ቆም አለና ደግሞ ተከተለን። ያን ጊዜ ገበሬው ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሣ።

«ሂድ እንግዲህ፣ ተምሎብሃል!» አለና ወረወረበት።

በሬው አልሸሸም። የማለው ሰው ደርሶ ገመዱን ከመሬት እስኪያነሣ ድረስ፣ ባለበት ቆሞ ጌታውን ያይ ነበር።