በደበሎው ውስጥ የተሰፋው መከታተያ

ያለምወርቅ ነገር ካልገባት እንቅልፍ አይወስዳትም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የሰርቪስ ሞግዚት ናት፤ ጠዋት ሕፃናቱን ከየደጃቸው ታሳፍራለች፣ ከሰዓት ትመልሳለች። መንገድ ላይ ሾፌሩን በጥያቄ ታደርቀዋለች። ፍሬን ለምን ይጮኻል? ናፍጣ ከምን ይወጣል? ሰውዬው ጥሏት ቢጠፋ ማንም አይፈርድበትም ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ርእሰ መምህሩ ሙላት ከአዲስ አበባ አንድ ካርቶን ይዞ መጣ። ውስጡ የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ ጥቁር መሣሪያዎች ነበሩ። በሕፃናቱ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ልጁ የት እንዳለ ኮምፒውተር ላይ በቀይ ነጥብ ያሳያሉ። ወላጆች አጨበጨቡ። ያለምወርቅ አላጨበጨበችም፤ ገና አልገባትማ። ስብሰባው ሲበተን ቢሮው ድረስ ተከትላው ገባች።

«መምህር፣ ይኼ ነገር ዓይን አለው?»

«የለውም እትዬ። ሳተላይት ያለበትን ይነግረዋል፣ እሱ ደግሞ በስልክ መስመር ይልክልናል።»

«ልጁ ሲያለቅስስ ይልካል?»

«አይልክም። ቦታውን ብቻ ነው።»

አላመነችም። አንዱን ተውሳ በመቀነቷ ቋጠረችና ገበያ ወጣች። ስትመለስ ሙላት የዞረችበትን ሁሉ በማያ ገጹ ላይ አሳያት። በርበሬ ተራ አሥር ደቂቃ፣ ጎረቤቷ ደጅ ደግሞ አንድ ሰዓት ቆማለች። «ሐሜት ላይ ነበሩ ማለት ነው» አላት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ያን ማታ ቤቷን ስትጠርግ ግን ሳቋ ደረቀ። ከእህል ማስቀመጫው ጀርባ አሮጌ ደበሎ ተጠቅልሎ አገኘች፤ የአብነት ተማሪ የሚደርበው የበግ ቆዳ ነው። የደበቀው የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ አምደሚካኤል ነው። እዚህ አገር ልጅ ደበሎ ደበቀ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ እናት የለችም። አንድ ቀን ሳይሰናበት ይወጣል፣ ቅኔ ፍለጋ ከደብር ደብር ይዞራል። ቢናገርማ እናቱ አልቅሳ ታስቀረዋለች። የያለምወርቅ ወንድም እንዲሁ ሄዶ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ መሪጌታ ሆኖ ተመለሰ፤ እናቱ ግን የት እንዳለ ሳታውቅ ሞታ ነበር።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ይኼ ልጅ ብቻ ነው። ደበሎውን ላቃጥለው ብላ አሰበች። ደግሞ ተወችው፤ ባቃጥለው ሌላ ያገኛል፣ ከዚያ ወዲያ አያምነኝም አለች። ይማር፣ መማሩስ ደግ ነው፤ ግን የት እንዳለ ልወቅ። ሙላትን ለምና አንድ መሣሪያ ወሰደች። ደበሎው መጣፊያ በመጣፊያ ላይ የተደራረበበት ስለሆነ፣ አንድ ቢጨመር ማን ልብ ይላል? በወስፌ ሰፍታ ወደ ቦታው መለሰችው። የቆሎ ተማሪ የለመነውን ቁራሽ ቢያካፍል እንኳ ደበሎውን ከትከሻው አያወርድም ብላ ነበር ያሰላችው።

በአራተኛው ቀን አምደሚካኤል የለም። ያለምወርቅ አልጮኸችም፤ በቀጥታ ሙላት ቢሮ ገባች። ነጥቡ ከከተማ ወጥቶ ወደ ቁይ እያቀና ነበር። ከዚያ በኋላ ሕፃናቱን አድርሳ ኮምፒውተሩ ፊት መቀመጥ ሆነ ሥራዋ። ነጥቡ ቆመ፤ እግሩን አሞት ይሆን? ነጥቡ ተነሣ፤ ተመስገን። ቁይ ላይ ሁለት ቀን ከረመና ወደ ዲማ ወረደ። ዲማ ሲደርስ አረፈ፣ አልተነሣም።

«ባትሪው ከነገ ወዲያ ያልቃል» አላት ሙላት።

«እንግዲያው እኔ እሄዳለሁ።»

ዲማ ደረሰች። ተማሪዎቹ ከጎጆዎቻቸው ደጅ ተቀምጠው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ትምህርታቸውን ይቀጽላሉ። ደበሎውን ከሩቅ አወቀችው፤ መጣፊያውን የሰፋችው በቀይ ክር ነበር። ከኋላ ሄዳ ትከሻውን ያዘችው።

«አምዴ!»

ልጁ ዞረ። ፊቱ የሌላ ሰው ልጅ ፊት ነው።

ስሙ ኃይለ ሚካኤል ነው። ቁይ ላይ ከአምደሚካኤል ጋር አንድ ደጀ ሰላም አድረው ደበሎ ተለዋወጡ፤ አምደሚካኤልን የራሱ ጠብቦት፣ ይኼኛውን ደግሞ የራሱ ሰፍቶት ነበር። «ከዚያ ተለያየን፤ መንገዱን አልነገረኝም» አላት። ያለምወርቅ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከቁይ ወዲህ በረደው፣ ራበው ብላ ስትጨነቅ የሰነበተችው ለዚህ ልጅ ነው። ሊያናድዳት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን ከሲታውን አንገቱን እያየች ለመጠየቅ ቸኮለች።

«እናትህ እዚህ መሆንህን ታውቃለች?»

ራሱን ነቅንቆ አታውቅም አለ። አገሩ ደብረ ኤልያስ ነው፣ እናቱ ዘመናይ ትባላለች፣ ስልኳን በቃሉ ይዞታል። ግን ፈራ። «መጥታ ብትወስደኝስ?»

«እኔ የመጣሁት ልጄን ልወስድ መሰለህ? ላውቅ ነው እንጂ። ቁጥሩን ንገረኝ።»

ደወለች። «ዘመናይ ነሽ? አታውቂኝም፤ የራሴን ልጅ ፍለጋ የመጣሁ ነኝ። ልጅሽ ዲማ ነው፣ ደህና ነው፣ ከፊቴ ተቀምጧል።» በወዲያ በኩል ያለምወርቅ ራሷ ልታለቅሰው የመጣችው ልቅሶ ተሰማ። ሴትዮዋ እስኪወጣላት ጠበቀቻት።

«ያንቺስ ልጅ አብሮት ነው?» አለች ዘመናይ በመጨረሻ።

«አይደለም። የኔ የት እንዳለ አላውቅም» አለች ያለምወርቅ። «በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ደጅሽ የሚቆመውን ተማሪ ሁሉ ስሙን ጠይቂልኝ። አምደሚካኤል ነው። ካገኘሽው ደውይልኝ።»

ከዚያም የስልክ ቁጥሯን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ ነገረቻት።